መስታወት ብቻውን ቤት አይሆንም

ስልክ ላይ ሲያዩት ሁሉም ነገር ቀላል ነው። ቢጫ ቆዳዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨባት፣ ጅራቷ የደነደነ፣ አፏ ፈገግ ያለ የሚመስል እንሽላሊት መስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። አንድ እጅ ትል ይዞ ብቅ ይላል። ተቀብላ ትውጣለች፤ ዐይኗን ጨፈን ከፈት ታደርጋለች። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ቪዲዮው ያልቃል። ይህች እንሽላሊት ሌፐርድ ጌኮ ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው ነብር ከሚመስለው ነጠብጣቧ ነው። ከቪዲዮው ሥር የሚደረደረው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «የት ይገኛል? ስንት ብር ነው?»

«የት ትኖራለች?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንስሳው ይገዛል ወይም ይያዛል፤ ቤቱ ግን «በኋላ ይታሰባል» ይባላል። በኋላ የሚታሰብ ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካርቶን፣ የዘይት ጄሪካን ወይም ጠባብ መስታወት ሆኖ ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚፈሰው ነገር ተመልሶ የማይለቀም መሆኑ ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ ነገር ይሞግታል። ለእንስሳ ቤት መሥራት ማለት ፀሐይ፣ ድንጋይ፣ ጥላና ነፍሳት ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ አንድ ሰው በራሱ ትከሻ ላይ መሸከም ማለት ነው። ያንን ሥራ በትክክል የቆጠረ ሰው፣ በተለይ እንደ ግልገል በለስ ባለ ቆላ ከተማ የሚኖር ከሆነ፣ ሒሳቡ መጨረሻ ላይ የሚያደርሰው ከመስታወት ሳጥን የተሻለ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ማንነቷ

ሌፐርድ ጌኮ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ህንድ ልጅ ናት። ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። የምትኖረው በደረቅ፣ ድንጋያማና ቁጥቋጦ በበዛበት መሬት ነው። ብዙ ሰው አሸዋ ለአሸዋ የምትሮጥ የበረሃ እንስሳ ይመስሉታል፤ አይደለችም። ቀን ቀን ድንጋይ ሥር ወይም ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች፤ ሲመሻሽ ወጥታ ታድናለች። እንደ ግድግዳ እንሽላሊት ተለጣፊ ጣት የላትም፤ መስታወት ላይ መውጣት አትችልም። ከአብዛኞቹ ጌኮዎች በተለየ የሚከደን የዐይን ቆብ አላት። ወፍራሙ ጅራቷ የስብ ጎተራዋ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ከዚያ ትበላለች፤ ጠላት ሲይዛት ደግሞ ቆርጣ ጥላው ትሄዳለች።

ዋናው ነገር ግን የሰውነቷ ሙቀት ነው። ሰው ሲሞቀው ያልበዋል፣ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነቱ ሙቀቱን ራሱ ያስተካክላል። እንሽላሊት ይህን አትችልም። ለመፍጨት ሙቀት ስትፈልግ ወደ ሞቀው ድንጋይ ትጠጋለች፤ ሲበዛባት ወደ ጥላው ትሸሻለች። እግሯ ነው ሙቀት መቆጣጠሪያዋ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሙቀት ብቻ ያለው ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣት ሰው የነጠቃት መንቀሳቀሻዋን ብቻ አይደለም፤ የሰውነቷን ሥርዓት ነው።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው የቤት አሠራር ሕግ ቀላል ነው፦ ቤቱ ሁለት ጫፍ ሊኖረው ይገባል። በአንደኛው ጫፍ ያለው መደበቂያ ወለሉ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሁን፤ ሌላኛው ጫፍ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ። ሁለት ጫፍ እንዲኖረው ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል። ጠንቃቃ አርቢዎች ዛሬ ለአንዲት ጌኮ የሚመክሩት ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 45 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነው። ከዚህ በጣም ባነሰ ሳጥን ውስጥ ሞቃቱ ጎን ቀዝቃዛውን ይውጠዋል፤ መሸሻ አይኖርም።

የለንደን ምክር ለመተከል አይሠራም

ዩቲዩብ ላይ ያለው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምረው ከማሞቂያ ነው። የማሞቂያ ምንጣፍ ግዙ፣ የማሞቂያ አምፖል ስቀሉ ይላል። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ የተሰጠው ግን ክረምቱ በረዶ ለሆነበት ሀገር ሰው ነው።

ግልገል በለስ ያለችው በመተከል ቆላ ነው። አጠገቧ ያለው የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከል አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,120 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በዓመቱ አማካይ ከ32 ዲግሪ ያልፋል፤ በዓመት የሚጥለው ዝናብም ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ለጌኮ ቤት የሚሉት ነገር ከዩቲዩቡ ተቃራኒ ነው።

አንደኛ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች ክፍል እኩለ ቀን ላይ ምድጃ ናት። እዚያ ማሞቂያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ 25 ዲግሪ እንዲሆን የሚታገለው ሰው የሚታገለው ከአየሩ ጋር ነው። በመስታወት የተዘጋ ሳጥን መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ደግሞ የፀሐይ ሙቀት ገብቶ አይወጣም። በደቂቃዎች ውስጥ 40 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል፤ መሸሻ የሌላት እንሽላሊት በዚያ ሙቀት ትሞታለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በመስታወት አልፎ የሚገባ ፀሐይ ሙቀቱን ያስገባል፤ ለአጥንት የሚጠቅመውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ግን አብዛኛውን መስታወቱ ያስቀረዋል። ጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎች እናቶችን «ሕፃኑን የጠዋት ፀሐይ አሙቁ፣ በመስኮት ሳይሆን ውጭ አውጥታችሁ» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። መስኮት አጠገብ ያለች ጌኮ እንግዲህ ጉዳቱን ታገኛለች፣ ጥቅሙን አታገኝም።

ሁለተኛ፣ ክረምቱ አለ። ሌፐርድ ጌኮ የምትስማማው ከ30 እስከ 40 በመቶ አካባቢ ባለ የአየር እርጥበት ነው። በመተከል ክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ነፋስ በማይገባው ሳጥን ውስጥ እርጥበቱ ሲጠራቀም ሻጋታ ይወጣል፣ ሳንባዋ ይታመማል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ቤት በአራቱም ጎን መስታወት መሆኑ ራሱ ጉድለት ነው።

ሦስተኛ፣ መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ አይደለም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው ሙቀትን እንዴት እንደሚያሸንፍ ጥንት አውቆታል። በቀርከሃ የተሠራ፣ ጭቃ የተመረገ፣ ሣር የተከደነ ቤት ቀን ቀን ከቆርቆሮው ቤት ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል። ለእንስሳም ሕጉ ያው ነው። ፊቱ ብቻ መስታወት፣ ጎንና ጎኑ ወንፊት ሽቦ፣ ጀርባው በጭቃ የተመረገ እንጨት ወይም ቀርከሃ የሆነ ሣጥን ከአዲስ አበባ ከሚመጣ አኳሪየም ይበልጣል። ዋጋውም የአንድ አናጢ የቀን ሥራ ነው።

ወለል፣ መደበቂያ፣ ማዕድ

አሸዋ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ በረሃ ይመስላል። ነገር ግን ጌኮ ነፍሳት ስትነጥቅ አሸዋውን አብራ ትውጣለች። በተለይ ትንንሾቹና አጥንታቸው የደከመው አንጀታቸው ተደፍኖ ይሞታሉ። የተፈጥሮ መሬቷም ልቅ አሸዋ ሳይሆን የጠነከረ አፈርና ድንጋይ ነው። ስለዚህ እንደ ቤት ወለል ተደምድሞ የደረቀ ጭቃ፣ ወይም ከግንባታ የተረፈ ሴራሚክ ይሻላል።

መደበቂያው ሦስት ይሁን፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱ በቀዝቃዛው፣ አንዱ እርጥብ። እርጥቡ ለቆዳ መቀየሪያ ነው። እንሽላሊት አሮጌ ቆዳዋን ስትጥል እርጥበት ካጣች ጣቷ ላይ ያለው ቆዳ ይጣበቅና እንደ ክር ያንቀዋል፤ ጣቱ ደም አጥቶ ይረግፋል። ለዚህ ፕላስቲክ ዋሻ መግዛት አያስፈልግም። ለሁለት የተሰበረ እንስራ በአፉ ተደፍቶ፣ ውስጡ እርጥብ ጨርቅ ወይም እርጥብ አፈር ቢደረግበት ከሁሉም ይበልጣል። ሸክላ ውኃ ይዞ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ይህንን የጀበናና የእንስራ ሀገር ሰው ማንም ሊያስተምረው አይገባም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተደራረበ ደግሞ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ተያይዞ ይቀመጥ። ከሥር ስትቆፍር የሚናድባት ድንጋይ መደበቂያ መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል።

ምግቧ ነፍሳት ብቻ ነው። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ፍራፍሬ አትበላም። አዋቂዋ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ፌንጣ፣ በረሮ፣ የዱቄት ትል ያስፈልጋታል። ነፍሳቱም ብቻቸውን አይበቁም፤ ካልሲየማቸው ትንሽ ነው። የካልሲየም ዱቄት ያልተነሰነሰባቸው፣ ቫይታሚን ዲም የጎደለው ማዕድ ለወራት ሲቀጥል ሰውነቷ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ ይሰርቃል። መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ እግሮቿ ይጣመማሉ፣ መራመድ ያቅታታል። በሕፃናት ላይ ሪኬትስ የሚባለው ሕመም የቅርብ ዘመድ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አፏ ያው ፈገግ ያለ ይመስላል፤ ቪዲዮ ላይ ያለው «ደስተኛ ፊት» የአጥንት ቅርጽ እንጂ ስሜት አይደለም።

«ነፍሳት እዚህ ሞልቷል፣ ከሜዳ ይያዛል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥቶ የሚወጣው ምስጥ ብቻ ስንቱን ያጠግባል። ነገር ግን ሰሊጥና አኩሪ አተር በሚመረትበት አካባቢ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ ወባ ባለበት አካባቢም ቤት ውስጥ ኬሚካል ይረጫል። የተረጨ ነፍሳት የበላች እንሽላሊት መርዙን አብራ ትበላለች። ስለዚህ አሳዳጊው ሁለተኛ እርባታ ይጀምራል ማለት ነው፦ የፌንጣና የትል እርባታ። ትሉም ይመገባል፣ ይጸዳል፣ ይጠበቃል።

የማይቆጠረው ወጪ፦ ዓመታት

ከሁሉም የሚረሳው ዕድሜዋ ነው። በደንብ የተያዘች ሌፐርድ ጌኮ ከ15 እስከ 20 ዓመት ትኖራለች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ቢያመጣት እሱ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ አግብቶ፣ ወልዶ እሷ ገና በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ተማሪው አሶሳ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ትሉን የምትመግበው ማን ናት? መልሱ በየቤቱ የታወቀ ነው፤ እናት ናት። ልጁ ለቪዲዮ የጀመረው ነገር በእናቱ ሥራ ላይ የሚጨመር ሌላ ሥራ ይሆናል።

ሐኪምም አለ። የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪም ሥልጠና የቆመው በዋናነት በከብት፣ በበግና ፍየል፣ በዶሮና በጋማ ከብት ላይ ነው፤ መቆምም ያለበት እዚያ ነው፤ የሀገሩ ኑሮ በእነሱ ላይ ነውና። ጅራቷ የቀጠነ እንሽላሊት ይዞ ወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ምን መልስ እንደሚያገኝ መገመት አይከብድም።

ገበያው ራሱ ደግሞ ጥላ አለው። ሌፐርድ ጌኮ በምዕራቡ ዓለም ለአሥርት ዓመታት በእርባታ ስትባዛ የኖረች እንስሳ ናት፤ አርቢዎችም ቀለሟን ለገበያ ሲያዳቅሉ ኖረዋል። ከእነዚህ አንዱ «ሌመን ፍሮስት» የተባለው ደማቅ ቢጫ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት ያንን ቀለም የሚሰጠው የዘር ለውጥ ከቆዳ ዕጢ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ፤ ቀለሙን የያዙት አብዛኞቹ ዕጢ ያወጣሉ። ሰው ስልኩ ላይ «እንዴት ታምራለች!» የሚለው ውበት አንዳንዴ የበሽታ ምልክት ነው ማለት ነው።

ከሀገር ውስጥ ስለመያዝ ከሆነ ደግሞ ሕግ አለ። ከአዋጅ ቁጥር 541/1999 ወዲህ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ በሕግ ያስጠይቃል። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረውን ሳይተስ የተባለውን ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አርጃኖ፣ ኤሊ፣ ጦጣ፣ እስስት «ከጫካ ያገኘሁት ነው» ስለተባለ የያዘው ሰው ንብረት አይሆንም።

ሀገር ያየችው

«ለእንሽላሊት ይህን ያህል ወሬ!» የሚል ሰው ትልቁን እንስሳ ይመልከት። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተ ነው። አንበሳው የዙፋኑ ምልክት ነበር፤ ክብሩ በመዝሙርም በገንዘብም ላይ ነበር። ቤቱ ግን ጠባብ የሲሚንቶ ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የእነዚህ አንበሶች ዘር በዓለም ካሉት ሌሎች አንበሶች የተለየ መሆኑን ገለጸ፤ ጥቁር ጋማቸው ብቻ ሳይሆን ደማቸውም ልዩ ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ቦታና ገንዘብ ስላነሰ ግልገሎቹ በመርዝ እየተገደሉ ቆዳቸው ለሚሞሉ ሰዎች እንደሚሸጡ ኃላፊዎቹ ራሳቸው ለዓለም የዜና አውታሮች ተናግረው ነበር። የማይገኝ ዘር ቤት ስላጣ ተገደለ። ማንም አንበሳውን ጠልቶ አይደለም፤ ቤቱ በልኩ ስላልተሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ደግሞ በሶማሌ ክልል ጎዴ ሁለት የአቦሸማኔ ግልገሎች በገመድ ታስረው፣ ለልጆች መዝናኛ ሆነው ተገኙ። አካባቢው የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ጉዳዩን አሳወቁ፣ ግልገሎቹም ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ቤተ መንግሥት ግቢ ገቡ። ዕድለኞች ነበሩ። ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሌላንድ በጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ለሀብታም ቤት የሚጫኑት ግልገሎች ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ።

በጎ ምሳሌም አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በሆለታ አቅራቢያ ያቋቋመው እንስሳ ኮቴ የተባለው ማዕከል 77 ሄክታር ነው። ከሕገወጥ ንግድና ከሰው ቤት የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ሌሎች እንስሳት እዚያ ይኖራሉ። ዛፍ አለ፣ ሣር አለ፣ ከሰው ዐይን መሸሸጊያ አለ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ምኞት ያሰረውን እንስሳ ለማኖር ሌላ ሰው ዕድሜ ልክ መሬት፣ አጥር፣ ሥጋና ጠባቂ ማዘጋጀት አለበት። ከሰው ጋር ያደገ እንስሳ ብዙ ጊዜ ወደ ጫካ ተመልሶ አይኖርምና። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ ተበዳሪው አይደለም።

በእንሽላሊትና በአንበሳ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ነው። እንሽላሊቷ ስትሞት ዜና አይሠራም፤ ካርቶኑ ይጣላል፣ ነገሩ ያልቃል።

የሌላው ወገን ክርክር

እንስሳ ማሳደግን የሚደግፉ ሰዎች ባዶ ነገር አይናገሩም። አንድ ልጅ ትንሽ ፍጡርን በየቀኑ ሲንከባከብ ኃላፊነት ይማራል። እንሽላሊት ያየ ሁሉ ድንጋይ በሚያነሳበት ሰፈር ውስጥ አንዷን በስም የሚጠራ ልጅ መኖሩ ለውጥ ነው። የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት አንዲት ሕያው ጌኮ ከአሥር ሥዕል ትበልጣለች። ለምሳሌ የሌፐርድ ጌኮ ጾታ በዘር ሳይሆን እንቁላሉ በተቀመጠበት ሙቀት ይወሰናል፦ 26 ዲግሪ ላይ ማለት ይቻላል ሁሉም ሴት፣ 32 ተኩል ዲግሪ አካባቢ አብዛኛው ወንድ፣ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ደግሞ እንደገና ሴት ይሆናል። ይህን የሰማ ተማሪ የአየር ንብረት ለውጥ ለምን እንደሚያሳስብ ማንም ሳይሰብከው ይገባዋል።

ሌላው ክርክር የኑሮ ነው፦ «ሰው ሳይጠግብ ለእንሽላሊት ቤት?» መተከል ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል ያየ ዞን ነው። ይህ ጥያቄ እዚህ ሲነሳ ቀልድ አይደለም፤ በክብር ሊመለስ ይገባዋል። መልሱም፦ ልክ ስለሆነ ነው የማይችሉትን ሸክም አለመጀመር። ለሌላ ፍጡር ቤት መሥራት ያልቻለ ሰው አይወቀስም፤ የሚወቀሰው ቤት የነበረውን ፍጡር ከቤቱ አውጥቶ ቤት ሳይሰጠው የቀረ ነው። የዚህ ቆላ ሰው ከቤት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

የልጁ ኃላፊነት፣ የተማሪው ዕውቀት፣ የሰፈሩ ርኅራኄ ሁሉም ተገቢ ናቸው። ጥያቄው እነዚህን ለማግኘት የግድ የፓኪስታን እንሽላሊት በመስታወት መዝጋት ያስፈልጋል ወይ ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ

በግልገል በለስ ማታ አምፖል ሲበራ ግድግዳው ላይ የምትወጣው እንሽላሊት ራሷ ጌኮ ናት። ዘመዷ ስልክ ላይ ሚሊዮን ሰው ያያታል፤ እሷን ግን ሰው በመጥረጊያ ያሳድዳታል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

«ወጥ ውስጥ ከወደቀች ትመርዛለች» ይባላል። በዓለም ላይ መርዛም የሆነ ጌኮ የለም። እርግጥ ነው፣ ተሳቢ እንስሳት ሁሉ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ሊይዙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ምግብ መክደን፣ የነካ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይነካ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ግን የንጽሕና ጉዳይ እንጂ የመርዝ ጉዳይ አይደለም፤ ለዶሮም የሚሠራ ሕግ ነው።

የግድግዳዋ ጌኮ ቤት አላት፦ ግድግዳው። ማሞቂያ አላት፦ ቀን የሞቀው ጡብና ቆርቆሮ። መደበቂያ አላት፦ የጣሪያው ስንጥቅ። ማዕድ አላት፦ መብራቱ የሚጠራው ነፍሳት። መብራት ቢጠፋ እንኳ አትቸገርም። ጣቶቿ ሥር ያሉት ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ ክሮች ከግድግዳው ጋር በሞለኪውል ደረጃ እየተሳሳቡ ያለ ሙጫ ይይዟታል፤ መሐንዲሶች ያንን ኮርጀው ማጣበቂያ ለመሥራት ይደክማሉ። ማታ ማታ በረሮና የእሳት ራት ትለቅማለች። የአልጋ አጎበርን አትተካም፤ ነገር ግን ለቤቱ ሰው ምንም ሳታስከፍል የምትሠራ ናት። ለእሷ የሚያስፈልገው «ቤት» አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አለመግደል።

ከዚህ አልፎ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ከመስታወት የሚሻል ሐሳብ አለ። በአንድ የትምህርት ቤት ግቢ ጥግ፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ክምር ይሠራ። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር፣ ጠፍጣፋው ከላይ፤ በመካከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተው። አንዱ ጎን ወደ ፀሐይ፣ ሌላው ወደ ጥላ ይሁን። ጥቂት የተሰበረ ገንቦ ይጨመርበት፤ ከጎኑ ሣርና ቁጥቋጦ ሳይታጨድ ይተው፤ በበጋ የሚሞላ አነስተኛ የውኃ ገበታ ይቀመጥ። እባብ ሊመጣ ስለሚችል ከመማሪያ ክፍልና ከመጫወቻ ሜዳ ይራቅ፣ ልጆች እጃቸውን እንዳይሰዱበት ዝቅተኛ አጥር ይኑረው። ከዚያ መጠበቅ ነው። ገበሎው ራሱ ይመጣል፤ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ አንገቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ማታ ጌኮዋ ትመጣለች።

ያ ክምር ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ያሟላል፦ ሁለት ጫፍ ሙቀት፣ ሦስት ዓይነት መደበቂያ፣ የጠነከረ ወለል፣ እውነተኛ ፀሐይ፣ ራሱ የሚመጣ ማዕድ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዝጊያ። ተማሪው በቴርሞሜትር ፀሐያማውንና ጥላማውን ጎን ይለካል፤ በስንት ሰዓት የትኛው እንስሳ እንደወጣ በደብተሩ ይጽፋል፤ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያለውን ያወዳድራል። በግልገል በለስ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ ከዚያ የሚወጣው መምህር በየወረዳው ይበተናል። እያንዳንዱ በሚደርሰው ትምህርት ቤት አንድ የድንጋይ ክምር ቢያሠራ የመተከል ተማሪዎች ገንዘብ የማይጠይቅ ቤተ ሙከራ ይኖራቸዋል። ወጪው ድንጋይና አንድ ቅዳሜ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ሌፐርድ ጌኮ በሀገሯ ድንጋይ ሥር ታምራለች። ሰው ቤት ተወልዳ ያደገችና ወደ ጫካ መመለስ የማትችለዋ ደግሞ ከእንስሳው በፊት ቤቱን የሠራ፣ ሙቀቱን ለአንድ ወር የለካ፣ ትሉን ያረባ፣ ሃያ ዓመቱን የቆጠረ ሰው ይገባታል። ይህን ሁሉ ያሟላ ሰው ካለ ማንም አይከለክለውም። ያላሟላ ግን ሳጥኑን ባዶውን ለአንድ ክረምትና ለአንድ በጋ ያቆየው። የካቲት ላይ ውስጡ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ ነሐሴ ላይ ሻጋታው የት እንደወጣ ይይ። ባዶ ሳጥን ሲሳሳቱበት የሚሞት ነገር የለውም።